አሮኮትና የጌይተርስበርግ ጎጆ

ጃንዋሪ 1 ቀን 2019፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የአዲስ ዓመት ርችት ጭሱ ሳይበተን፣ ከእኩለ ሌሊት 33 ደቂቃ እንዳለፈ፣ ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር እስከ ዛሬ በቅርብ ከታዩት የሰማይ አካላት ሁሉ እጅግ በራቀው አጠገብ አለፈች። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነበር። መንኮራኩሯን የሚመሩት ባለሙያዎች በሜሪላንድ፣ በሎረል አቅራቢያ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ተሰብስበው ደስታቸውን ቢገልጹም፣ ደስታው ገና በስሌት ላይ ብቻ የቆመ ነበር። የሬዲዮ ምልክት ከዚያ ሥፍራ ምድር ለመድረስ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ መንኮራኩሯም በዚያች ቅጽበት ፎቶግራፍ በማንሳት ስለተጠመደች አንቴናዋን ወደ ምድር አላዞረችም። በደኅና ማለፏ የተረጋገጠው ከአሥር ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያ አካል መጠሪያ በወቅቱ 2014 ኤምዩ69 የሚል የመዝገብ ቁጥር ነበር፤ ዛሬ አሮኮት ይባላል። ከኔፕቱን ወዲያ ባለው የኩይፐር ቀበቶ ውስጥ የሚዞር፣ ርዝመቱ 36 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ንዑስ አካል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን መንገድ እንኳ አይሞላም። ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይወስድበታል፤ ባለፈው ዙሩ በዚሁ ነጥብ ሲያልፍ ጎንደር የነገሥታት መናገሻ ነበረች። ቀላ ያለ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ በቀጭን አንገት የተጣበቁ ሁለት ክፍሎች ያሉት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አልሰባበረውም፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት ተጠጋግተው ተጣበቁ እንጂ። ፈለኮች ከትናንሽ አካላት እንዴት እንደ ተገነቡ ሲከራከሩ ለኖሩት ሊቃውንት ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ከአራት ቢሊዮን ዓመት በላይ በቅዝቃዜ ውስጥ ሳይነካ የቆየ የግንባታ ጡብ ማለት ነውና።

የሳይንሱ ወሬ በዜና ማሰራጫዎች በሚገባ ተነግሯል። ብዙም ያልተነገረው አሮኮትን ያስገኘው የተቋማት ታሪክ ነው። ያም ታሪክ ከሎረል ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በጌይተርስበርግ ከተማ፣ ከአንድ የእንጨት ጎጆ ጋር ይያያዛል።

ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ዲግሪ በ60 ደቂቃ፣ ደቂቃም በ60 ሰከንድ ይከፈላል። በምድር ገጽ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የአንድ ሰከንድ ማዕዘን 31 ሜትር ያህል ነው። አሮኮት ከምድር 6.6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ በነበረበት በዚያ ሌሊት፣ ያው አንድ ሰከንድ 32,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኒው ሆራይዘንስ አካሉን ያለፈችው በ3,538 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ ከምድር ለሚያይ ሰው ይህ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፣ ወደ መሬት ሲመለስም ከሦስት ሜትር ተኩል አይበልጥም። የአሮኮት ርዝመትም እንዲሁ ቢመነዘር ከሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል አያልፍም። በጌይተርስበርግ ጎጆ ውስጥ ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በፊት የተጀመረው ሥራ ደግሞ በትክክል ይህን የሰከንድ አሥረኛ ማደን ነበር። ዕቃው ግን በሰማይ አልነበረም። የሚለካው የቆሙበት መሬት ነበር።

39 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ

ምድር በዛቢያዋ ዙሪያ ስትሽከረከር ጥቂት ትወዛወዛለች። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ይህን በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሌት ተንብዮ ነበር፤ የመወዛወዙ ዙርም 305 ቀን ሊሆን እንደሚገባው አስልቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት መቶ ዓመት ያህል 305 ቀን ሲፈልጉ ኖረው አላገኙም። በ1880ዎቹ ፍሪድሪክ ኩስትነር የተባለ ጀርመናዊ የበርሊን ኬክሮስ ራሱ እንደሚለዋወጥ አስተዋለ። በ1891 ደግሞ ሴት ካርሎ ቻንድለር የተባለ አሜሪካዊ ዙሩ 14 ወር ያህል መሆኑን አስታወቀ። ቻንድለር በሙያው የመድን ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ስለ ኦይለር ስሌት ከመጨነቅ ይልቅ የተመዘገበውን አኃዝ ማመን የቀለለው ምናልባት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ የመጣው ኦይለር ምድርን ፍጹም ጠጣር አድርጎ ስላሰበ ነው፤ ምድር ግን ትለመጣለች።

ዋልታው ከመካከለኛ ቦታው የሚርቀው ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። ይህን ለመለካት አንድ ጣቢያ አይበቃም፤ አንድ ጣቢያ የራሱን ስሕተትና የምድርን እንቅስቃሴ መለየት አይችልም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የጂኦዲሲ ማኅበር በ1899 ስድስት ጣቢያዎችን በአንድ የኬክሮስ መስመር፣ በ39 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን ላይ አቋቋመ፦ ሚዙሳዋ በጃፓን፣ ቻርጁይ በዛሬዋ ቱርክሜኒስታን፣ ካርሎፎርቴ በጣሊያን፣ በአሜሪካ ደግሞ ጌይተርስበርግ፣ ሲንሲናቲና ዩካያ። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ የሆኑበት ምክንያት ብልህነት ነው። በየጣቢያው አናት ላይ የሚያልፉት ኮከቦች አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የኮከቦቹ ቦታ በመዝገብ ላይ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ ስሕተቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ጌይተርስበርግ የተመረጠችው በዚህ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም፤ ዛሬ የምትታወቅበት ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋምም ወደዚያ የተዛወረው በ1960ዎቹ ነው። በ1899 የነበራት የባቡር መስመርና ትክክለኛው ኬክሮስ ነበር። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍና የጂኦዲሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ጣሪያዋ ለሁለት ተከፍሎ የሚንሸራተት፣ በየጎኑ አራት ሜትር ያህል የሆነች የእንጨት ጎጆ አቆመ፤ በውስጧ በርሊን የተሠራ ቴሌስኮፕ ተተከለ። ከኦክቶበር 1899 ጀምሮ አንድ ሰው ሰማዩ በጠራ ሌሊት ሁሉ ጣሪያውን ይከፍታል፤ አንዱ ከአናቱ በስተሰሜን፣ ሌላው በስተደቡብ የሚያልፉ ጥንድ ኮከቦችን ይጠብቃል፤ የሁለቱን ልዩነት ይለካል፤ ይጽፋል። በማግስቱም ያንኑ ይደግማል። ሥራው ይህ ነው፤ ሌላ የለውም። በብርድ ጊዜም ማሞቂያ አይፈቀድም፤ የሞቀ አየር የኮከቡን ምስል ያንቀጠቅጠዋልና።

ከዚህ ሥርዓት የወጣው ዋና ትምህርት ግን ከጌይተርስበርግ ሳይሆን ከሚዙሳዋ ነው። መረጃው ሁሉ የሚሰበሰበው ጀርመን፣ ፖትስዳም በነበረው ማዕከላዊ ቢሮ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሲጣራ የሚዙሳዋ አኃዞች ከሌሎቹ ጋር አልገጠሙም፤ ማዕከሉም የጃፓኑ ምልከታ ጥራት እንደሚያንስ ጠቆመ። ጃፓን በዚያን ጊዜ ለዘመናዊ ሳይንስ አዲስ ነበረች፤ ጥርጣሬው ወደ እርሷ መዞሩ አያስገርምም። የጣቢያው ኃላፊ ሂሳሺ ኪሙራ መሣሪያውን ፈትቶ መረመረ፤ ጉድለት አላገኘም። ከዚያ የስድስቱንም ጣቢያ አኃዞች ቢያያቸው፣ ልዩነቱ በሁሉም ዘንድ በአንድ ጊዜ የሚታይ፣ ነገር ግን ማዕከሉ በተጠቀመበት ቀመር ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው ዓመታዊ ለውጥ ሆኖ ተገኘ። በ1902 ቀመሩ ላይ አንድ አባል ጨመረ፤ የሁሉም ጣቢያዎች ውጤት ተስተካከለ። ከሃያ ዓመት በኋላ ማዕከላዊው ቢሮ ራሱ ወደ ሚዙሳዋ ተዛወረ። የዚያ ተጨማሪ አባል ምንጭ የምድር ፈሳሽ እምብርት ከሚያመጣው መለዋወጥ ጋር የተያያዘ መሆኑም የታወቀው በ1970 ነው፤ ያወቀውም በዚያው በሚዙሳዋ የሚሠራው ያሱጂሮ ዋኮ ነበር። ከዳር ያለ ጣቢያ የተጠየቀውን አኃዝ ልኮ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ስሙ በመጥፎ እንደ ተመዘገበ ይቀር ነበር። ኪሙራን ያዳነው የራሱ ጣቢያ፣ የራሱ መዝገብና የማዕከሉን ቀመር የመመርመር ችሎታ ስለነበረው ነው።

ጌይተርስበርግ በ1914 ገንዘብ አጥሮ ተዘጋች። ሲንሲናቲም ብዙ ሳትቆይ ተከተለቻት። የቻርጁይ ጣቢያ ደግሞ አጠገቡ የሚፈሰው የአሙ ዳርያ ወንዝ አቅጣጫውን ስለለወጠ ቀረ። ሚዙሳዋ፣ ካርሎፎርቴና ዩካያ ቀጠሉ። ጌይተርስበርግ የተከፈተችው በ1932 ነው፤ በመሐል አሥራ ስምንት ዓመት ባዶ ነው። ለበጀት ጸሐፊ ይህ ቀላል ቁጠባ ይመስላል። ለሳይንሱ ግን ምድር ሁለት ዓይነት መወዛወዝ አላት፤ አንዱ የቻንድለር የ14 ወር፣ ሌላው ከወቅቶች ጋር የሚመጣ የ12 ወር ነው። ሁለቱ እየተደራረቡ እየተራራቁ አንድ ሙሉ ዑደት የሚጨርሱት በስድስት እስከ ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ ባነሰ ጊዜ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። የአምስት ዓመት ዕቅድ ያለው ጣቢያ፣ ሥራውን እንከን በሌለው ሁኔታ ቢፈጽም እንኳ፣ የተቋቋመበትን ጥያቄ ሳይመልስ ይዘጋል።

በ1982 የሰው ዓይን ሥራ በሳተላይትና በኮምፒውተር ተተካ፤ ጎጆዋ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋች። በ1989 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለች። ዛሬ የከተማው ንብረት ናት፤ ከ355ኛው መንገድ ብዙ ሳትርቅ፣ በዴሴለም ጎዳና፣ በመኖሪያ ቤቶች መሐል ቆማለች። የዚያ ሁሉ ሌሊት መዝገብ ግን አልተዘጋም፤ የምድርን የረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ጥላው በሚወድቅበት

ኒው ሆራይዘንስ በጃንዋሪ 2006 ስትመጠቅ አሮኮት አልታወቀም ነበር። ፕሉቶን በጁላይ 2015 ካለፈች በኋላ የምትሄድበት እንዲኖር በምድር ካሉ ትላልቅ ቴሌስኮፖች ጋር ፍለጋ ቢካሄድም በመንገዷ ላይ የሚመች አካል አልተገኘም። በመጨረሻ ሃብል ቴሌስኮፕ ተፈቀደላቸው፤ በጁን 2014 ማርክ ቡዪና ባልደረቦቹ ከነጥብ የማትበልጥ ደካማ ብርሃን ለዩ። ነጥቧን ማየት አንድ ነገር ነው። ለመንኮራኩሯ መንገድ ለመቀየስ ግን የነጥቧን ቦታ፣ መጠንና ቅርጽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሃብል ደግሞ ቅርጽ ሊያሳይ አልቻለም።

መፍትሔው ጥላ ነበር። አሮኮት በአንድ ሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ለአንድ ሰከንድ ያህል ይጋረዳል፤ ያም ጥላ በምድር ገጽ ላይ እንደ ጠባብ ጥብጣብ እየሮጠ ያልፋል፣ ወርዱም ከአካሉ ወርድ አይበልጥም። በጥብጣቡ አቋራጭ ቴሌስኮፖችን ቢደረድሩ እያንዳንዱ ኮከቡ የጠፋበትን ቆይታ ይመዘግባል፤ ከቆይታዎቹ ድርድር የአካሉ ቅርጽ ይወጣል። ጥላው የት እንደሚወድቅ ለመተንበይ የኮከቡን ቦታ የአውሮፓ የጋያ ሳተላይት ሰጠ፤ የምድርን አቀማመጥ ደግሞ ጌይተርስበርግ የጀመረችው ዓይነት ልኬት ሰጠ። በጁን 2017 በደቡብ አፍሪካና በአርጀንቲና የተደረደሩት ቴሌስኮፖች ምንም አላገኙም። በጁላይ 17 ቀን በአርጀንቲና ፓታጎንያ አምስት ቴሌስኮፖች ኮከቡ ሲጠፋ አዩ። የዚያ ሌሊት ነገር ለፖሊሲ አንባቢ ያስደስታል፦ የአካባቢው መንግሥት አውራ ጎዳና ለሁለት ሰዓት ዘጋ፣ የመንገድ መብራት አጠፋ፣ ነፋስ እንዳይገፋቸው የጭነት መኪናዎች በቴሌስኮፖቹ ጎን ቆሙ። ከዚህ የተነሣ መንኮራኩሯ ከመድረሷ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ አካሉ ባለ ሁለት ክፍል ሳይሆን እንደማይቀር ተገመተ።

በኦገስት 4 ቀን 2018 ጥላው በሴኔጋልና በኮሎምቢያ ላይ አለፈ። ሴኔጋል የክረምት ደመና ላይ ነበረች፤ ሆኖም የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሴኔጋል ባለሙያዎች ጋር ቴሌስኮፕ ይዘው በየገጠሩ ወጡ፤ ጠቃሚ ውጤትም ተገኘ። እዚህ ላይ ትኩረት የሚያሻው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዘመቻው ከተሳተፉት ሴኔጋላውያን መሪ የነበረው ማራም ካይሬ በአገሩ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለዓመታት ሲያደራጅ የቆየ ሰው ነው። በ2021 አንድ ንዑስ ፈለክ በስሙ ተሰየመ፤ በ2023 ሴኔጋል የጠፈር ኤጀንሲ ስታቋቁም እርሱን ኃላፊ አደረገች፤ በ2024 የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት መጠቀች። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ጥላ መጣ ማለት ግነት ነው። ጥላው ሲወድቅ ግን በሥፍራው የሚጠብቅ ማኅበር ነበር።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በፓታጎንያ ኮከቡ ሲጠፋ ያዩት ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ከዚህ ግማሽ አይሞሉም ነበር። ሩቅ የሆኑ ንዑስ አካላትን በጥላቸው ማጥናት እጅግ ትልቅ ቴሌስኮፕ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በትክክለኛው ሌሊት በትክክለኛው ቦታ መገኘትን፣ ትክክለኛ ሰዓትንና ውጤቱን በራስ የሚያሰላ ሰው መኖሩን ነው።

ስም ከሥራ በኋላ

በማርች 2018 የተልዕኮው ቡድን ከሕዝብ በተሰበሰበ ጥቆማ አካሉን አልቲማ ቱሌ ብሎ በጊዜያዊነት ጠርቶት ነበር። ቃሉ ከሚታወቀው ዓለም ወዲያ ያለ ምድር ማለት ነው፤ የላቲን ነው። ነገር ግን «ቱሌ» በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለናዚ ፓርቲ አመጣጥ መሠረት ከሆኑት ቡድኖች የአንዱ መጠሪያ ሆኖ ስለነበር ተቃውሞ ተነሣ። የተልዕኮው መሪ አለን ስተርን መጀመሪያ ስሙን ተከላከሉ። በኖቬምበር 12 ቀን 2019 በዋሽንግተን በናሳ ዋና መሥሪያ ቤት ይፋ የሆነው ስም ግን አሮኮት ሆነ። አሮኮት በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ከፓሙንኪ ሕዝብ፣ ከፖውሃታን ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ በሽማግሌዎቻቸው ፈቃድ። ምክንያቱም መንኮራኩሯም ሃብልም የሚመሩት ከሜሪላንድ፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ስለሆነ ነው ተባለ።

የፖውሃታን ቋንቋ ተናጋሪዎቹን ያጣው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የቀረው የእንግሊዝ ሰፋሪዎች በ1600ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት የቃላት ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ አሮኮት ሰማይ ተብሎ ተተርጉሟል። ቃሉ በእርግጥ ደመና ማለት ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አለ። የሚፈርድ ተናጋሪ የለም። ፓሙንኪዎች ራሳቸው የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት እውቅና ያገኙት በ2015 ነው፤ ኒው ሆራይዘንስ ፕሉቶን ባለፈችበት በዚያው ወር ውሳኔው ተሰጠ።

አሮኮት ከተሰየመ አምስት ሳምንት በኋላ፣ በዲሴምበር 17 ቀን 2019፣ የዓለም አቀፉ ሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ መቶ አሥራ ሁለት አገሮች በየፊናቸው የመረጧቸውን ስሞች አወጀ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ያለ ኮከብና በዙሪያው የሚሄድ ግዙፍ ፈለክ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፈለኩ አቦል ተባሉ። ስሙ ያማረ ነው፤ ሌሎች ፈለኮች ቢገኙ ቶናና በረካ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በዲሴምበር 20፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን መጠቀች። ያ ሳምንት በአዲስ አበባም በሲልቨር ስፕሪንግም የደስታ ሳምንት ነበር፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ግን ስም መስጠት ምንም መሠረት የማይጠይቅ ብቸኛ የሥነ ፈለክ ሥራ ነው። ሳተላይትም ይገዛል፤ ዕድሜው ጥቂት ዓመት ነው።

ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሰማይ የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፈ ሄኖክና ከባሕረ ሐሳብ ይነሣና በአንድ ዝላይ 2019 ላይ ያርፋል። በመሐል የተዘለለው ከሁለቱም ይበልጥ የጌይተርስበርግን ጎጆ ይመስላል። የመጀመሪያው ጉዳይ ከአባይ ጋር የተያያዘ ነው። ጌይተርስበርግን ያስተዳድር የነበረው ያው የአሜሪካ የቅየሳ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ መጨረሻ ለአባይ ተፋሰስ ጥናት የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥቦችን ተከለ። ጥናቱ በ1964 ሲጠናቀቅ ካቀረባቸው ግድቦች አንዱ ዛሬ የሕዳሴ ግድብ ከቆመበት አቅራቢያ ነበር። ቅየሳው መነሻ ያደረገው ነጥብ አዲንዳን ይባላል። ይህ ነጥብ በኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር፣ በአቡ ሲምበል አቅራቢያ በዓባይ ዳር ነው። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለአሥርታት የአገሪቱን እያንዳንዱን ተራራና ወንዝ የለኩት ከዚያ ነጥብ ተነሥተው ነው። ይህ የቴክኒክ ምርጫ እንጂ ሤራ አልነበረም፤ ቢሆንም መነሻውን ነጥብ ማን እንደሚይዝ አስቦ የማያውቅ አገር ይህን ዘግይቶ ይማረዋል።

ሁለተኛው የቢሾፍቱ ነው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሳተላይቶችን የሚከታተል ቤከር-ናን የተባለ ትልቅ ካሜራ በዚያን ጊዜ ደብረ ዘይት በምትባለው ከተማ ተክሎ ነበር። ከእነዚህ ካሜራዎች የተገኘው መረጃ የምድርን የስበት ቅርጽ ለማስላት ዋለ። ፕሮግራሙ የስሚዝሶኒያን፣ ስሌቱ የማሳቹሴትስ ነበር፤ ጣቢያው ዛሬ የለም።

ሦስተኛው ግን አለ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በ1957 ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋመ። እዚህም ምርጫው የቦታ ነበር፤ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአዲስ አበባ አጠገብ ያልፋል፣ በዚያ መስመር ላይ ያሉ ጣቢያዎችም በዓለም ጥቂት ናቸው። ከ1958 ጀምሮ የምድር መግነጢስ ይለካል። ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ የጻፈው ከዚህ ጣቢያ ሥራ ተነሥቶ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ ተቋሙ ስሙን እየለወጠ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቀጠለ። በሳተላይት ምረቃ ላይ የሚነሣ ስም አይደለም። ከሚዙሳዋ ጋር የሚወዳደር ነገር በኢትዮጵያ ቢፈለግ ግን ይኸው ነው።

የጌይተርስበርግ ሥራ ራሱም አዲስ አበባ ደርሷል። ዋልታው የት እንዳለ ዛሬ የሚሰላው በልዩ ልዩ ዘዴ ሲሆን፣ አንዱ በዓለም ዙሪያ ከተተከሉ የጂፒኤስ መሰል መቀበያዎች ነው። ከእነዚህ ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ ይገኛል፤ በመዝገቡ ያለው ባለ አራት ፊደል የላቲን መለያ ሲነበብ «አዲስ» ነው። በየሠላሳ ሰከንዱ የሚመዘግበው አኃዝ የአፍሪካ አህጉር ከዓረቢያ ስትርቅ ያሳያል፣ የስምጥ ሸለቆውን መከፈት ያሳያል፣ የምድርንም መወዛወዝ ለማስላት ይገባል። ጣቢያውን ማስቀጠል መብራት፣ የኢንተርኔት መስመርና የሚከታተለው ቴክኒሽያን ይጠይቃል። ከዳያስፖራ የሚመጣ የሳይንስ ድጋፍ ስሙ በሳጥን ላይ የሚጻፍበትን መሣሪያ ይመርጣል፤ ለባትሪ መለወጫ የሚዋጣ ገንዘብ ሪባን አይቆረጥለትም። በአዲስ አበባ የካርታው መሥሪያ ቤትና የጠፈሩ ተቋም በቅርብ ዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተብለው መዋሐዳቸው በአስተዳደር ለውጥነቱ ብቻ ከታየ ይታለፋል። መሬትን የሚለካውና ሰማይን የሚያየው ሰው አንድ በጀት ላይ መቀመጣቸው ግን የ1899ኙን አሳብ የተከተለ ነው፤ በጀቱ ከስድስት ዓመት በላይ ከዘለቀ።

ኒው ሆራይዘንስ ከአሮኮት ወዲያ መጓዟን ቀጥላለች፤ ሌላ የምታልፍበት አካል እስካሁን አልተገኘላትም። ከምድር ጋር በተነጋገረች ቁጥር በካሊፎርኒያ፣ በስፔንና በአውስትራሊያ ያሉት ግዙፍ አንቴናዎች የቆሙበት መሬት በዚያን ቀን ወዴት እንደ ዘመመ በስሌቱ ውስጥ ይገባል። በዋሽንግተን ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ፣ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ጎን ያለው የባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ የዋልታውን ቦታ የሚያሳይ ማስታወቂያ በየሐሙስ ያወጣል፤ ሁለት የቁጥር ዓምድ ነው፣ የሰከንድ ክፍልፋይ።